ዝም ያለው በር

አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ አቶ ደርበው ናሁሰናይን ሊያባርሩት ምንም አልቀራቸውም። አቶ ደርበው ለነጋዴው የድረ ገጽ ስም እያስመዘገቡ የሚሸጡ፣ ሱቃቸው ለምሳ እንኳ ሲዘጋ ሆዳቸውን የሚቆርጣቸው ሰው ናቸው። ናሁሰናይ ደግሞ የኮምፒውተር ባለሙያቸው ነው። ደንበኛ አንድ ስም ይዞ ሲመጣ ኮምፒውተሩ የስም መዝጋቢውን ሰርቨር ይጠይቃል፤ ስሙ ባለቤት ካለው «ተይዟል»፣ ከሌለው «ነፃ ነው» ይላል።

መዝጋቢው ግን ሰርቨሩን ወደ ሌላ አድራሻ አዛውሯል። የአቶ ደርበው ፕሮግራም አሁንም የድሮውን አድራሻ ነው የሚጠይቀው። እዚያ የሚመልስለት ሲያጣ የተጻፈለትን ስም ሁሉ «ነፃ ነው» ይላል። በዚህ ሰበብ አንዱ ደንበኛ የሌላ ሰው ስም ታፔላ ላይ አጽፎ ከሰቀለ በኋላ መጥቶ ሱቁን ቀውጢ አድርጎት ሄዷል።

«ጋሼ፣ ዛሬን ብቻ እንዝጋና ፕሮግራሙን ላድሰው» አለ ናሁሰናይ።

«ሱቄ አይዘጋም። ከእንግዲህ አንድ ደንበኛ ስም ሳይገዛ ከወጣ፣ አንተም አብረኸው ትወጣለህ።»

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ወይዘሮ ተዋበች ገቡ። በርበሬና ቅመም አዘጋጅተው ይሸጣሉ፤ የሰፈሩን ቦይ ጠረጋም የሚያስተባብሩት እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በየበሩ እያንኳኩ አካፋ የሚይዝ ሰው ይለቅማሉ።

«‹ጣዕም በርበሬ› የሚል ስም ነው የምፈልገው» አሉ።

ናሁሰናይ ጻፈው። ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ «ነፃ ነው» አለ።

«እሰይ። ታፔላ ሠሪው እየጠበቀኝ ነው፤ ልደውልለት?»

የናሁሰናይ እንጀራ በአንድ ቃል ላይ ተንጠለጠለ። «ይደውሉ» ቢል ሴትዮዋን ያከስራል፤ «ይቆዩ» ቢል ሥራውን ያጣል።

«እትዬ፣ ትንሽ ይቆዩ። ስሙ ነፃ ለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም።»

አቶ ደርበው ዓይናቸውን አጉረጠረጡ። «ምኑ ነው እርግጠኛ ያላደረገህ? ጠየቀ፤ መልስ የለም። በር ተንኳኩቶ መልስ ከሌለ፣ ቤት ውስጥ ሰው የለም ማለት ነው። ይኼ ደግሞ ትምህርት ይፈልጋል?»

ናሁሰናይ ወደ ወይዘሮ ተዋበች ዞር አለ።

«እትዬ፣ ባለፈው ቅዳሜ ይቺን በር አንኳኩተው ነበር?»

«እጄ እስኪላጥ። ወይ የሚል ጠፋ። ሰው የለም ብዬ ሄድኩ እንጂ ምን ላድርግ?»

አቶ ደርበው ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። ያን ዕለት በሩን ቆልፈው፣ መብራቱን አጥፍተው፣ ባንኮኒው ሥር ቁጢጥ ብለው፣ ናሁሰናይንም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም አሰኝተውት ነበር።

«ጋሼ» አለ ናሁሰናይ ረጋ ብሎ፣ «ዝም ያለ ቤት ሁሉ ባዶ እንዳልሆነ ለእትዬ ተዋበች በምሳሌ ላስረዳቸው፣ ወይስ ሱቁን ልዝጋ?»

አቶ ደርበው ሄደው በሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ «ዝግ ነው» ወደሚለው ገጽ ራሳቸው ገለበጡት።

ወይዘሮ ተዋበችም ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ሱቁ ከተዘጋማ ዛሬ ሥራ የለዎትም ማለት ነው» አሉ። «ይምጡ አቶ ደርበው፤ አካፋው ደጅ ነው።»