ሸማኔው ያላስሞላው ጉድጓድ

አንድ ሸማኔ ነበረ። «የእጄ ነርቭ ከተሰፋ ወዲህ ስምንት ወር ሙሉ ጣቶቼን ሳጥፍ ስዘረጋ ከረምኩ፤ እንዝርት የሚይዝልኝ ጣት ግን የለም፤ ልተወው ወይ?» አልሽኝ አይደል፣ አስካለ? እንግዲያው ተቀመጪና ስሚ። መሃል ላይ እንዳታቋርጪኝ።

ይህ ሸማኔ ጣራ ሲጠግን የቆርቆሮ ጠርዝ ቀኝ ክንዱን ከክርኑ በላይ ዘለዘለው። ሐኪም የተቆረጠውን ነርቭ ሰፋለት። እጁ ግን በድን ሆነ፤ እሳት ቢነካው እንኳ አያውቅም። ሐኪሙም፣ «ነርቩ ከተሰፋበት ተነስቶ ወደ ጣትህ ያድጋል፤ በወር ግን ከአንድ ጣት ስፋት ብዙም አያልፍም። እስኪደርስ ጣቶችህን በሌላው እጅህ አጥፍ፣ ዘርጋ። ደርቀው ከጠበቁት ቢደርስም አይጠቅምህም» አለው።

ሰውየው ጠዋት ማታ ያጥፋል፣ ይዘረጋል። ክንዱን መታ መታ ሲያደርገው የሚነዝረው ቦታ፣ ማለትም ነርቩ የደረሰበት፣ በየወሩ ትንሽ ወደ ታች ይወርዳል። እሱም እዚያ ላይ ቀይ የጥለት ክር ያስራል።

በዚያ ሰፈር ሸማኔዎች በአንድ ዳስ ነው የሚሠሩት፤ እያንዳንዱ እግሩን የሚያስገባበት የራሱ ጉድጓድ አለው። መሥራት ያቃተው ሰው ጉድጓዱን እያየ እንዳይቃጠል ባልንጀሮቹ በአፈር ይሞሉለታል። ከዚያ ወዲያ ሸማኔ አይባልም። ደግ መሆናቸው ነው እኮ!

በዘጠነኛው ወር አካፋ ይዘው መጡ።

«ጣትህ ይንቀሳቀሳል?» አሉት።

«አይንቀሳቀስም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ክሩን አሳያቸው። እጁ አንጓ ጋ ሊደርስ አራት ጣት ያህል ቀርቶታል። «መንገድ ላይ ነው» አላቸው።

አንዱ ሳቀበትና የመጀመሪያውን አፈር ጣለ። ያኔ ሰውየው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። «በሉ ሙሉት፤ ከነነፍሴ ሙሉት። እጄ ሲመጣ ቦታዬ ላይ ካላገኘኝ የት ሄዶ ይፈልገኝ?»

የሚደፍር ጠፋ። አካፋቸውን ይዘው ተመለሱ። እሱም ከማግስቱ ጀምሮ መወርወሪያውን በግራው እየወረወረ የማይረባ ሸማ ይሠራ ጀመር። ሳቁበት፤ ጉዳዬም አላለው።

ክሩ መዳፉ ጋ ሲደርስ አውራ ጣቱ ተነቃነቀ። መወርወሪያ ጨብጦ ለመወርወር ሌላ አንድ ዓመት ፈጀበት። ትንሿ ጣቱ እስከ ዛሬ ደንዝዛ ቀርታለች፤ አልዋሽሽም። ሸማውን ግን ገበያ ላይ አይተሽዋል።

ያንን አፈር የጣልኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ሳገኘው ቀና ብዬ አላየውም።

አየሽ ልጄ፣ የዚያ ሰው እጅ ያንቺ እጅ ነው። ገና እየመጣ ነው። የእሱን ጉድጓድ ልንሞላ የመጣነው ግን ሌሎች ሰዎች ነበርን። ባንቺ ላይ አካፋ ያነሳ ሰው አላየሁም፤ አካፋውን የያዝሽው አንቺው ነሽ። ጣይው።