የሣር ጎፈር ያጠለቀው ንጉሥና የአቤት ድንጋይ

አንድ ጊዜ፣ አንበሳው ሞቶ ጅብ በነገሠበት ዘመን፣ እመት አህዪት የምትባል እናት ማንደፍሮ ከሚባል አንድ ልጇ ጋር በቆላ ወንዝ ዳር ትኖር ነበር። ጅብ እንዴት ነገሠ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። የአንበሳው ልጆች «እኔ ልንገሥ፣ እኔ ልንገሥ» ሲባባሉ ተናክሰው በየአገሩ ተበተኑ። አያ ጅቦ ደግሞ ለለቅሶ መጥቶ፣ ለለቅሶኛ የቀረበውን ሥጋ ጠራርጎ፣ ሌላው ወደየቤቱ ሲሄድ እሱ ሳይሄድ ቀረ። ዙፋኑ ላይ ጋደም ብሎ አጥንት ሲቆረጥም ያዩት እንስሳት «ይሄ ደግሞ ንጉሥ ሆነ እንዴ?» ተባባሉ። አልሆነም የሚል ስላልተገኘ፣ ሆነ።

እመት አህዪት ለነገሥታት ነገር ብዙም ግድ የላትም። አንበሳውንም ቢሆን ሌሎቹ እንስሳት እንደሚሉት መልአክ ነበር አትልም፤ አጎቷን የበላው እሱ ነው። አንድ ነገር ግን ትመሰክርለታለች። ከዙፋኑ አጠገብ ባለው የሾላ ዛፍ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር፤ «የአቤት ድንጋይ» ይሉታል። የተበደለ እንስሳ እዚያ ላይ ወጥቶ «አቤት!» ካለ፣ ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ ከድንጋዩ ግርጌ፣ መሬት ላይ ቁጭ ይላል። ባለጉዳዩ «ረካሁ» ብሎ እስኪወርድ ድረስ ማንም አይነካውም፤ ንጉሡም እህል ውሃ አይቀምስም። በጅብ ዘመን አንድም እንስሳ ስላልወጣበት ድንጋዩን ሣር ዋጠው።

አንድ ቀን ጠዋት እመት አህዪት ያንኑ የድንጋዩን ሣር ስትግጥ ከሾላው ወዲያ ድምፅ ሰማች። ጆሮ ደግሞ አላጣችም። አያ ጅቦ ከአማካሪው ከቀበሮ ጋር እያወራ ነው።

«በአንበሳው ጊዜ፣ በአንበሳው ጊዜ! የሄድኩበት ሁሉ ይሄንኑ ነው የምሰማው» አለ ጅብ በምሬት። «እንዳይባል አላወጅኩም?»

«አውጀዋል ጃንሆይ። አሁን ‹በዚያኛው ጊዜ› ነው የሚሉት።»

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ እኔና እሱ ማን ይበልጣል?»

«ይሄም ጥያቄ ሆነ?» አለ ቀበሮ፣ ለአንበሳው ያጎነበሰበትን ወገብ ለጅብ እያጎነበሰ። «የአንበሳው ግሳት ያስፈራ ነበር፤ በቃ፣ ማስፈራት ብቻ። የእርስዎ ሳቅ ግን ያስፈራልም፣ ያስቃልም። ሁለት ሙያ ነው።»

ጅብ ደስ ብሎት ሁለቱንም ሙያ አሳየ። ከዛፉ ላይ ወፎች ተነሡ።

«ጎፈሩስ?» አለ ቀጥሎ፣ አንገቱን እየዳበሰ።

«ጎፈር ከሣር ይሠራል። እኔ እጎነጉንልዎታለሁ፤ ከእሱም ይረዝማል። የነገሡበት ቀን ሲከበር ሕዝቡን ሰብስበን ‹ጃንሆይ አንበሳው ያደረገውን ሁሉ በእጥፍ ያደርጋሉ› ብለን እናስነግራለን። ያን ጊዜ ወሬው ያበቃል።»

«በእጥፍ! ጎሽ! ለበዓሉስ ምን ይበላል?»

«የእመት አህዪት ልጅ ደልቧል ይባላል። ሲታወጅ ግን ‹የክብር እንግዳ› እንለዋለን።»

እመት አህዪት የጎረሰችው ሣር አፏ ውስጥ ቀረ። ማንደፍሮ ትንሽ ራቅ ብሎ ከራሱ ጭራ ጋር ይጫወታል፤ እንደመከሩበት አያውቅም። ልሽሽ ብላ አሰበች። ሜዳው ገላጣ ነው፤ ጅብ ሲሮጥ ደግሞ ታውቀዋለች። ልለምነው ብላ አሰበች። የተራበ ጅብ ማን ለምኖት ያውቃል? አህያ ስትባል ቶሎ አታስብም፤ አንዴ የያዘችውን ሐሳብ ግን ተገርፋም አትለቅም። የበዓሉ ቀን እስኪደርስ ስትግጥም፣ ውሃ ስትጠጣም ዓይኗ ያንን ድንጋይ ብቻ ሲያይ ሰነበተ።

በዓሉ ደረሰ። እንስሳቱ ሁሉ ከሾላው ሥር ተኮለኮሉ። አያ ጅቦ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የሣር ጎፈር አጥልቆ ብቅ ሲል ከርከሮ ሳቁን ለመደበቅ ደጋግሞ አሳለ። ቀበሮ ከፍ ካለ ጉቶ ላይ ወጣ።

«ስሙ! አንበሳው ያደረገውን ሁሉ በእጥፍ የሚያደርጉት ጃንሆይ እነሆ! ለምሳሌ፣ አንበሳው አንድ ጊዜ አባባ ኤሊን ከጠዋት እስከ ቀትር በዚህ ድንጋይ ላይ ሰምቶታል። ይሄን ሁላችሁም ታወሩታላችሁ። ታላቅ ትዕግሥት ነው ትላላችሁ። የጃንሆይ ትዕግሥት ግን የዚያ እጥፍ ነው! ምስክር ይሁን ብለን አባባ ኤሊን ራሱን ጠርተነዋል፤ መንገድ ላይ ነው።»

«በእጥፍ ነው!» አለ ጅብ፣ ምራቁን እየዋጠ። «አሁን የክብር እንግዳው ይቅረብ።»

«ቀርቧል፣ ጌታዬ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሁሉም ዞር አለ። እመት አህዪት ማንደፍሮን በአፍንጫዋ እየገፋች ድንጋዩ ላይ ወጥታለች።

«አቤት!» አለች።

እዚያ አካባቢ ይህ ቃል ከተሰማ ስንት ክረምት አልፎታል።

«ውረጂ!» አለ ጅብ። «ይሄ የድሮ ነገር ነው። ድንጋዩ ከአንበሳው ጋር ቀርቷል።»

«እኔም ቀርቷል ብዬ ነበር፣ ጌታዬ። አሁን ግን አንበሳው ያደረገውን በእጥፍ ያደርጋሉ ሲባል ሰማሁ። እሱ እስከ ቀትር ከሰማ እርስዎ እስከ ማታ ይሰሙኛል ብዬ ደስ ብሎኝ መጣሁ። ተሳስቼ ከሆነ፣ ከአንበሳው ያንሳሉ ብዬ ልውረድ።»

ጅብ ቀበሮን አየው። ቀበሮ ሰማዩን አየ። ሕዝቡ ጅብን ያያል። አያ ጅቦ ከዙፋኑ ወርዶ፣ የሣር ጎፈሩን ሰብስቦ፣ ከድንጋዩ ግርጌ ቁጭ አለ።

«ቶሎ በይ» አለ።

«ነገሩ የሚጀምረው ከቅድመ አያቴ ነው» አለች እመት አህዪት።

ከቅድመ አያቷ ጀመረች። ቅድመ አያቷ የተጫነችውን ጨው፣ ጨው የተሸከመችበትን መንገድ፣ መንገዱ ላይ የነከሳትን ዝንብ፣ የዝንቡን ዘመዶች ሁሉ ተረከች። ፀሐይ ወጣ ወጣ አለች። የጅብ ሆድ ጮኸ፤ ከርከሮ ነጎድጓድ መስሎት ቀና አለ።

«ዋናው ጉዳይ ምንድን ነው?» አለ ጅብ።

«እደርስበታለሁ፣ ጌታዬ። ገና ወደ አያቴ እየመጣሁ ነው።»

የባሰው ነገር ደግሞ ማንደፍሮ ነበር። ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያይ ከአፉ ሥር ለምለም ሣር ተንዠርግጎ አገኘ። ልጅ አይደል? ጎረሰ። ጣፈጠው። ደገመ። አያ ጅቦ ምሳው እሱን ሲበላው ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ጥርሱን ቢያሳይ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ሥርዓቱ ከፈረሰ ደግሞ አንበሳው በለጠ።

ቀበሮ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ጃንሆይ፣ ቀትር አለፈ! አንበሳውን አሁን በለጥነው!»

«እንግዲያው እንብላ!»

«በእጥፍ ነው ያልነው።»

«ማነው በእጥፍ ያለው?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጃንሆይ። እኔ የእርስዎን ቃል ነው የተናገርኩት።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የእመት አህዪት ጉሮሮ ደረቀ። አያቷን ጨርሳለች፣ እናቷን ጨርሳለች፣ የራሷን ሸክም ሁሉ አውርዳለች። ከዚህ በላይ የምትለው አልነበራትም። ልጇን አየችው፤ አፉ ዙሪያ የንጉሡ ጎፈር ተለጥፏል። እንባዋ መጣ።

«የቀረኝ አንድ ነገር ነው» አለች። «ልጄን አይብሉብኝ።»

ጅብ ብድግ አለ።

«ፈርጃለሁ! ልጅሽ ይበላል! አለቀ!»

እመት አህዪት ዓይኗን ጠረግ አደረገች። «አልረካሁም፣ ጌታዬ» አለች። «እንግዲህ በአባቴ በኩል ልጀምር።»

ጅብ ተመልሶ ቁጭ አለ። በዚህ መሐል አንዲት ፍየል ጉሮሮዋን ጠራርጋ ከድንጋዩ ኋላ ቆመች። «እኔም ከእሷ ቀጥሎ ትንሽ ነገር አለችኝ» አለች። ከፍየሏ ኋላ ከርከሮ ቆመ። ከከርከሮው ኋላ ጥንቸል፣ ከጥንቸሏ ኋላ ጅግራ፤ ሰልፉ ወንዙን ተሻግሮ ወዲያ ማዶ ደረሰ። የሁሉም ቅድመ አያቶች በጅብ ዓይን ፊት ተደረደሩ።

«አንበሳው» አለ ጅብ በቀጭን ድምፅ፣ «አንበሳው ይሄን ሰልፍ ምን ብሎ ነበር የሚበትነው?»

የመለሰችው ፍየሏ ናት። «‹ተፈርዶልሻል› ነበር የሚለው፣ ጌታዬ። የተበደለው ከተካሰ ማን እዚህ ድንጋይ ላይ ይደርቃል?»

«ተፈርዶልሻል!» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ። «ልጅሽን ውሰጂው! አይበላም! ዛሬም ነገም አይበላም!»

«ረካሁ» አለች እመት አህዪት፣ ወዲያው። ማንደፍሮን አንገቱን ላሰችውና ወረደች።

ያን ጊዜ እልልታው ቀለጠ፤ ሰልፈኞቹም «የእኛን ነገ» ብለው ተበተኑ። አያ ጅቦ ክው አለ። ከነገሠ ጀምሮ ቀበሮ ሳይቀሰቅሰው የመጣ እልልታ ሰምቶ አያውቅም። ያደረ የአጥንት ስባሪ አንሥቶ እየቆረጠመ፣ ግማሽ የቀረውን ጎፈሩን አስተካክሎ ደረቱን ነፋ።

«አሁንስ ማን ይበልጣል? እሱ እስከ ቀትር፣ እኔ እስከ ማታ!»

ምስክሩ አባባ ኤሊ ከነአቧራው ብቅ ያለው ይሄኔ ነው። ጠዋት ተጠርቶ መድረሱ ነበር።

«ስለ ምን ነበር የጠራችሁኝ?» አለ እያለከለከ።

«አንበሳው አንተን እስከ ቀትር መስማቱን መስክር!» አለው ጅብ።

አባባ ኤሊ ራሱን ከድንጋይ ልብሱ አውጥቶ ትንሽ አሰበ። «ማነው እንዲህ ያለህ፣ ልጄ? አንበሳው አፌን ከፈት ሳደርግ ነው የፈረደልኝ። ‹ጉድጓዴን ከርከሮ ነጠቀኝ› አልኩት። ‹ይመለስልህ› አለ። አለቀ። እስከ ቀትር የቆየሁት ከድንጋዩ ስወርድ ነው።»

አያ ጅቦ የያዘው አጥንት ከአፉ ወደቀ። «ታዲያ እኔን ቀኑን ሙሉ ጾም ያዋለኝ ማነው?» ብሎ ቀበሮን ቢፈልግ፣ ቀበሮ ከዚያ አገር ከወጣ ቆይቷል። ዛሬም ሌላ ቦታ ለሌላ ንጉሥ ጎፈር ይጎነጉናል ይባላል።

አያ ጅቦ ከዚያ ወዲያ ብልህ ሆነ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ነገር ግን በየማለዳው ከድንጋዩ ግርጌ ቁጭ ብሎ «ቶሎ በሉ፣ ቁርሴ ሳይቀዘቅዝ! ተፈርዶልሃል! ቀጥሎ!» ሲል ይሰማል፤ ከረሀብ የተነሣ ፍርዱ ደህና ነው። እመት አህዪት ግን አታምነውም፤ በዚያ ስታልፍ ልጇን በወዲያኛው ጎኗ አድርጋ ነው። «በአንበሳው ጊዜ» የሚለው ወሬ ሳይታወጅበት እየቀነሰ ሄደ። ማንደፍሮም አደገ፤ ዘውድና ጎፈር ባየ ቁጥር አፉ ምራቅ ይሞላል።

ከዚህ የምንማረው፣ ካለፈው ንጉሥ ጋር ቁመት ሲለካካ የሚውል ሹም ፊቱ ቆማ የምትጮኸውን እናት እንደማያይ፣ ካያት ግን መለካካቱን ትቶ «ተፈርዶልሻል» ቢላት ከሁሉም እንደሚበልጥ ነው።