ሐጂ በሽር ሳይናገሩት የቀሩት ዐይብ

በግንብ በታጠረች አንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ከምሥራቁ በር አጠገብ፣ ሐጂ በሽር የሚባሉ አላህን ፈሪ አዛውንት ያገለገሉ መኪናዎችን ይሸጡ ነበር። መኪናዋን ከማወደሳቸው በፊት ዐይቧን፣ ያለባትን ጉድለት፣ ይናገራሉ። ደላላቸው ሽኩር፣ «ሐጂ፣ እርስዎ እኮ የሚሸጡት ገዢውን እያባረሩ ነው!» እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

አንድ ጁምዓ ሙዓዝ የሚባል የገጠር ወጣት መጣ። እሁድ ሠርጉ ነው። ጣሪያዋ የሚከፈት ቀይ የስፖርት መኪና አይቶ ሙሽራይቱን ሊያመጣባት ቋመጠ። ሐጂ ለሶላት ታጥበው ውዱእ ሲያደርጉ ሽኩር ዋጋውን ጨርሶ ጠበቃቸው።

የመኪናዋ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ተጎድተዋል። ሞተሯ በድንገት ይጠፋል፤ ጣሪያዋም አንዴ ከተከፈተ አልዘጋ የሚልበት ጊዜ አለ። ሐጂ ይህን ያውቃሉ። ነገር ግን የጁምዓ አዛን ሊል ጥቂት ቀርቶታል፤ አዛን ካለ ደግሞ ሶላቱ እስኪሰገድ መሸጥ የለም።

«በል ልጄ፣ አዛኑ ሳይቀድመን» ብለው፣ ውሃው ከክንዳቸው ሳይደርቅ ቁልፉን ሰጡት።

ሽቦው ትዝ ያላቸው መስጊድ ውስጥ፣ የኢማሙ ኹጥባ መሀል ነው። ሶላቱ እንዳበቃ እየሮጡ ቢወጡም ሙዓዝ የለም።

«ራሱ አልጠየቀ፤ እርስዎ ምን አጠፉ?» አለ ሽኩር።

«ዝም በል፣ ሽኩር! አገሩን ፈልግልኝ።»

ሁለት ቀን ሲያጠያይቁ ቆይተው እሁድ ከሰዓት ወደ መንደሩ አቀኑ። ሳይደርሱም ቀይዋን መኪና መንገድ ላይ ቆማ አገኟት። ጣሪያዋ እንደተከፈተ ዝናቡ ይወርድባታል። ሚዜዎቹ ይገፋሉ።

«ሙዓዝ፣ የገዛኸው መኪና ነው ወይስ ገንዳ?» ይላል አንዱ። ሙሽራይቱ የራሰ ቬሏን ፊቷ ላይ ይዛ ታለቅሳለች።

ሐጂ ጭቃው ውስጥ ወረዱ። «ዐይቧን አውቅ ነበር፤ ቸኩዬ ሳልነግርህ ቀረሁ። አውፍ በለኝ፣ ልጄ።»

«ሐጂ በሽር ዝም ካሉ ዐይብ የላትም ብዬ ነው ያልጠየቅሁት» አለ ሙዓዝ። «ቢሆንም፣ አውፍ ብዬዎታለሁ።»

ከስድብ ሁሉ ይህ አመማቸው። ሙሽሮቹን በራሳቸው መኪና አሳፍረው ሠርጉ ቤት አደረሱ፤ ከዚያ የተከፈላቸውን በሙሉ አውጥተው በሙዓዝ እጅ አኖሩ። እንዲህም አሉት፦ «ገንዘብህን መለስሁልህ። ይህን ቀንህን ግን ከየት አምጥቼ ልመልስልህ?»

ሐጂ የአላህን ሐቅ ለመጠበቅ ሲጣደፉ የሰውን ሐቅ ረሱ። ያንን ዐይብ ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃቸው ነበር። ደግ ሰው በእውነተኛነቱ ሲታወቅ ዝምታው እንኳ ምስክርነት ይሆናል፤ ስለዚህ ጥፋቱ ከሌላው ሰው ጥፋት ይከብዳል። ሙዓዝ አውፍ ብሏል። ሐጂ በሽር ግን እስኪሞቱ ድረስ ዝናብ በጣለ ቁጥር ያቺን ሙሽራ ያስቧት ነበር ይባላል። አላህ ይዘንላቸው፤ እኛንም መናገር ሲገባን ከመቸኮል ይጠብቀን።