የእናቷን ናፍቆት የጨፈረች ልጅ

አንዲት ነርስ በምትኖርበት ከተማ፣ የወጣት ማዕከሉ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ከስድስት እስከ አስራ ስምንት ዓመት ላሉ ልጆች የሂፕ ሆፕ ዳንስ ትምህርት። ለጀማሪዎች። ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» ይላል። ነርሷ ፀዳለ ትባላለች፤ የከተማው ሰው ግን ሲስተር ነው የሚላት። ከሥራ ስትመለስ ማስታወቂያውን አይታ ቆመች። አነበበችው። ጥቂት ሄድ ካለች በኋላ ተመልሳ ደግማ አነበበችው። በማግስቱ የአስራ ሁለት ዓመት ልጇን ኤፍራታን ይዛ ሄደችና አስመዘገበቻት።

«ትፈልጊያለሽ ወይ?» ብላ ግን አልጠየቀቻትም።

አስተማሪው ያፌት የሚባል ቀጭን ወጣት ነው። ልጆቹን በአራት ረድፍ ያቆምና «ጉልበት ላላ! ትከሻ ላላ! ወለሉን አትርገጡት፣ ተጫወቱበት!» ይላል። ከዚያ «አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት!» ብሎ ሙዚቃውን ይለቀዋል። ሃያ ምናምን ልጅ እኩል ከፍ ዝቅ ሲል የአዳራሹ ጣውላ ይንቀጠቀጣል።

ሌሎች ወላጆች ልጆቻቸውን አድርሰው ወደ ገበያቸው፣ ወደ ጉዳያቸው ይሄዳሉ። ፀዳለ አትሄድም። ኮሪደሩ ላይ ባለው መስኮት በኩል ቆማ ትምህርቱ እስኪያልቅ ታያለች። ጣቶቿ የመስኮቱን ደፍ ይመታሉ። ተረከዟ ይነሳል፣ ይወርዳል። ሳይታወቃት ከንፈሯ ቁጥሩን ይቆጥራል።

ኤፍራታ መጥፎ ተማሪ አልነበረችም። ግራ ሲባል ግራ፣ ቀኝ ሲባል ቀኝ ትሄዳለች። አንድም ቅዳሜ አልቀረችም። ሙዚቃው ሲቆም ግን ሌሎቹ «አንድ ጊዜ! አንድ ጊዜ ብቻ!» እያሉ ያፌትን ሲለምኑ፣ እሷ ጃኬቷን ለብሳ በሩ ጋ ደርሳለች። ይህ ነገር አንድ ዓመት ተኩል ቆየ።

አንድ ረቡዕ የኤፍራታ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ደጀኔ ክንዱን ቆርቆሮ ቆርጦት ፀዳለ ወደምትሠራበት ጤና ጣቢያ መጣ። ፀዳለ ቁስሉን እያጠበችለት ሳለ «ሲስተር፣ ካልተቀየሙኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አላት።

«ምንድነው?»

«ኤፍራታን ከመረብ ኳስ ለምን ከለከሏት?»

የፀዳለ እጅ ቆመ። «ማን ነው የከለከላት?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ! እንደሷ የምትዘል ልጅ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የለችም። ለቡድኑ መርጫት የፈቃድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ላክሁ። ልምምዱ ቅዳሜ ጠዋት ነው ስላት ‹እናቴ አትፈቅድም› አለችኝ። በእረፍት ሰዓት ግን ሌሎቹ ሲጫወቱ ቆማ ታያቸዋለች። ደወል እስኪደወል አትንቀሳቀስም።»

ፀዳለ ደብዳቤ አላየሁም ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ቆሞ ማየት ምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ፋሻውን ጠቅልላ ጨረሰችና መምህሩን ሸኘችው።

ቤት ስትደርስ ኤፍራታን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የዳንስ ጫማዋን በብሩሽ ስታጥብ አገኘቻት።

«ደብዳቤዎቹ የት ናቸው?» አለቻት።

ኤፍራታ የምን ደብዳቤ አላለችም። «ደብተሬ ውስጥ» አለች።

«ለምን አልሰጠሽኝም?»

«ትፈርሚያለሽ ብዬ ነዋ።»

«ብፈርምስ ምን ነበረበት?»

ልጅቷ ብሩሹን አስቀመጠች። «እማዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መስኮቱ ጋ ስትቆሚ ፊትሽ ሌላ ነው። እኔ እኮ በአዳራሹ የግድግዳ መስታወት አይሻለሁ። በሌላ ቀን እንደዛ ሆነሽ አላውቅም። ከሥራ ትመጫለሽ፣ ትተኛለሽ፣ ነግቶ ትሄጃለሽ። እኔ ከቀረሁ አንቺም መምጣት ትተዪያለሽ። ታዲያ ያን ፊትሽን የት ላገኘው ነው?»

ፀዳለ ልጇ አጠገብ ቁጭ አለችና ለማንም አውርታው የማታውቀውን አወራቻት። በአስራ ስድስት ዓመቷ የትምህርት ቤቷ የኪነት ቡድን ውስጥ ተወዛዋዥ ነበረች። ቡድኑ ሌላ ከተማ ሄዶ እንዲያሳይ ተጋበዘ። ሊነሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው አባቷ «የኔ ልጅ ሰው ፊት ቆማ አትንቀጠቀጥም» አሉ። በቃ፣ ተቆረጠ። አውቶቡሱ የሄደው በቤታቸው በር በኩል ነበር። ጓደኞቿ እየዘፈኑ፣ እያጨበጨቡ ሲያልፉ በአጥሩ ክፍተት አየቻቸው። ከዚያ በኋላ ነርስነት ተማረች፣ አገባች፣ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች። ሠርግ ላይ እንኳ ሰው ሁሉ ሲነሳ እሷ ከወንበሯ አትነሳም።

«አባቴን ስቀየም ኖርኩ» አለች። «እሱ ሳይጠይቀኝ ከለከለኝ። እኔ ደግሞ ሳልጠይቅሽ አስገባሁሽ። ልዩነታችን ምኑ ላይ ነው?»

«አንቺ አልተቆጣሽኝም» አለች ኤፍራታ።

«ስላልተቆጣሁሽ ነዋ እምቢ ማለት ያቃተሽ።»

ደብዳቤውን አስመጥታ እዚያው ደጃፍ ላይ ፈረመችላት።

ቅዳሜ ደረሰ። ኤፍራታ ቁምጣዋን ለብሳ ገና በማለዳ ወደ ሜዳ በረረች። ፀዳለ ቤት ውስጥ የምትሠራው ሥራ አላጣችም። ልብስ ነከረች፤ ሳታጥበው ተወችው። ሦስት ሰዓት ሲቃረብ መቀመጥ አቃታት። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች፣ እግሯም ወደለመደው መንገድ ይዟት ሄደ።

ያፌት መስኮቱ ጋ ቆማ ሲያያት ወደ ኮሪደሩ ወጣ። «ሲስተር፣ ኤፍራታ የለችም እኮ። አሟት ነው?»

«ደህና ናት። ኳስ ልትጫወት ሄዳለች።» በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየችና «ያፌት፣ እንዳትስቅብኝ። ለአንድ ቀን ብቻ እኔ ብገባስ?» አለችው።

ወጣቱ ጭንቅላቱን አከከ። «ትምህርቱ እስከ አስራ ስምንት ዓመት ላሉት ነው።»

«አውቃለሁ። እኔ አርባ አምስት ሞልቶኛል።»

«ጀማሪ ነዎት?»

«ጀማሪ ነኝ።»

«ጀማሪ የሚቆመው ከኋላ ነው» አለና በሩን ከፈተላት።

ነጠላዋን አጣጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ከሁሉም ኋላ፣ ከትንንሾቹ ጋር ቆመች። ትልልቆቹ ልጆች ዞር እያሉ ሳቁ። ሙዚቃው ተለቀቀ። ያ በመስኮት ሲያዩት እንደ ጨዋታ የሚመስለው ነገር ጨዋታ አልነበረም። ግራ ሲባል ቀኝ ሄደች። ጉልበቷ አልላላ አላት። አጠገቧ ያለች የሰባት ዓመት ልጅ ቀሚሷን ጎተት አድርጋ «እማማ፣ በዚህኛው እግር ነው» ብላ አሳየቻት። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ትንፋሿ አጠረና ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። እንባዋ መጣ። ስትናፍቀው የኖረችው ያ ቀላል ሰውነት፣ ያ አስራ ስድስት ዓመት፣ እዚህም እንደሌለ ገባት። የትም የለም። ኤፍራታ ዕድሜ ልኳን ብትጨፍርላትም ሊመለስ አይችልም ነበር።

ያፌት ዘፈን ቀየረ። «አምስት፣ ስድስት» ማለት ሲጀምር ፀዳለ ፊቷን በእጇ ጠረገች፤ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች፤ ወደ ቦታዋም ተመለሰች።

ቀትር ላይ እናትና ልጅ ቤት ተገናኙ። ሁለቱም ያነክሳሉ። ኤፍራታ ጉልበቷ ተልጧል፤ ስለ ልምምዱ ለማውራት ግን ወሬው እየተሽቀዳደመ አስቸገራት። መሀል ላይ እናቷን አስተውላ ቆም አለች።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው? የት ነበርሽ?»

«ዳንስ።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። «እንዴት ነበር?»

«በጣም ከባድ ነው» አለች ፀዳለ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ለኔ ስትዪ ነው የቻልሽው?»

ኤፍራታ ስቃ ስቃ ሲበቃት የእናቷን ጉልበት የምታሽበት ቅባት ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። ፀዳለ በቀጣዩ ቅዳሜም ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ባለውም።

ወዳጆቼ፣ ያልደረስንበትን ነገር ለልጆቻችን ስንሰጥ ክፋት የሠራን አይመስለንም። ደግነት ነው የሚመስለን። ልጆቹም ስለሚወዱን ዝም ብለው ይቀበሉናል፤ ማንም ሳይጮህ ዓመታት ያልፋሉ። ፀዳለ የናፈቀችውን አላገኘችም። ናፍቆቷን ግን ከልጇ ላይ አንስታ ራሷ ያዘችው፤ ልጅቷም ለመዝለል ቀለል አላት። የገዛ ናፍቆታችንን እያነከስንም ቢሆን ራሳችን ልንጨፍረው ይገባል።

እርስዎስ? ልጅዎ በየሳምንቱ የሚሄድበትን ቦታ የመረጠው ማን ነው? ልጁን ጠይቀውት ያውቃሉ?