ያልደረቀው መቃብር

ተረት ላውጋችሁ፣ ጠጋ በሉ። አንተ ከኋላ የምታንሾካሹከው፣ ዝም በል! ይሄ የሚያስቅ ተረት አይደለም።

ድሮ ድሮ፣ ስሙን ማንም በማያስታውሰው አገር፣ አንዲት ባሏ የሞተባት ድኩላ ነበረች። ያላት አንድ ግልገል ብቻ ነው፣ ያውም ገና እግሩ ያልጸና። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረና መሬቱ ተሰነጣጠቀ። ዝሆንና ጎሽስ ምን ገዷቸው? እግራቸው ረጅም ነው፣ ወንዝ ድረስ ወርደው ይጠጣሉ። ለድኩላና ለልጇ የቀረቻቸው እናት አያቶቿ ሲጠጡባት የኖሩ አንዲት ምንጭ ነበረች። እሷንም ቀበሮ ከለከላቸው። "ከጉድጓዴ አፍ ነው የምትፈልቀው፣ የእኔ ናት!" ብሎ ተኛባት።

ድኩላ የመንደሩ ዳኛ ዝንጀሮ ዘንድ ሄዳ ከሰሰች። ዝንጀሮ ራሱን አከክ አከክ አደረገና ለቀበሮ ፈረደ። እሷ ግን እጅ አልሰጠችም፤ የበላይ ዳኛ ወደሌለበት፣ ወደ ሾላው ችሎት ይግባኝ አለች።

ከሾላው ሥር አምስት የድንጋይ ወንበሮች ነበሩ። መካከለኛው ላይ ይቀመጥ የነበረው ሽማግሌው ዔሊ ያን ሰሞን ሞቶ፣ እዚያው ከሾላው ማዶ ተቀብሯል። የቀሩት አራቱ ዳኞች ግራ ቀኙን ሰሙ። ዝሆንና ጉሬዛ፣ "ውሃ የጠማው ሁሉ ነው" ብለው ለድኩላ ፈረዱ። ጎሽና ከርከሮ፣ "ደጅ ላይ የፈለቀ የባለደጁ ነው" ብለው ለቀበሮ ፈረዱ። ሁለት ለሁለት!

"እንግዲህ ምን ይሆናል ጌቶቼ?" አለች ድኩላ።

ዝሆን አንገቱን ደፋ። "ልጄ፣ ሕጋችን እንዲህ ነው። እኛ እኩል ከተከፈልን የታችኛው ዳኛ የፈረደው ይጸናል። አምስተኛው ወንበር ባለቤት ሲያገኝ ግን እንደገና እንሰማሻለን።"

"መቼ ያገኛል?"

"የሟቹ መቃብር አፈር ሲደርቅ። አፈሩ ሳይደርቅ ወንበሩን መያዝ ነውር ነው።"

ድኩላ ደስ አላት። በዚህ ፀሐይ የማይደርቅ አፈር የት አለ? "በርታ የኔ ዓለም፣ ዛሬ ነገ እንጠጣለን" እያለች ግልገሏን ጤዛ ታስልሰው ጀመር። ቀበሮም እዚያው ችሎቱ ላይ ቆሞ ነገሩን ሰምቷል።

ዳኞቹ በማግስቱ መቃብሩን ሊያዩ ሄዱ። አፈሩ ርጥብ ነው። ቀበሮ ላዩ ላይ ተደፍቶ ደረቱን እየደቃ፣ "ወይኔ አባቴ! አፈርህ ሳይደርቅ? አፈርህ ሳይደርቅ?" ይላል። አብረውት አልቅሰው ተመለሱ።

ጥቂት ቀን ቆይተው ደግሞ ሄዱ። አሁንም ርጥብ! "ወይኔ አባቴ! አፈርህ ሳይደርቅ? አፈርህ ሳይደርቅ?" ጎሽ እንባውን ጠረገና፣ "ደግ ዳኛ ነበር፣ መቃብሩ ራሱ እያለቀሰ ነው" አለ። ዝሆን በልቡ ጠርጥሮ ነበር፤ ግን ለሟች አያዝንም እንዳይባል ይሉኝታ ያዘው። ኤዲያ! አገር ሁሉ ደርቆ አንዲት ቁልል አፈር ብቻዋን ስትረጥብ፣ ውሃው ከየት መጣ አይባልም?

ድኩላ እየተመላለሰች ትለምናለች። "ጌቶቼ፣ የልጄ ምላስ ደረቀ።"

"ምን እናድርግ ልጄ፣ አፈሩ አልደረቀ።"

አንድ ጠዋት ግልገሉ ጤዛውን መላስ አቃተው። አፍንጫውን ጡቷ ሥር ወሸቀ፤ ጡቷም ደርቋል። "እማዬ፣ ዛሬ ነው የምንጠጣው?" አላት።

"አዎ የኔ ዓለም፣ ዛሬ ነው" አለችው። ዋሸችው፣ ምን ታድርግ! ፀሐይዋ ሳትበረታ እቅፏ ውስጥ አረፈ።

ድኩላ፣ ከደጉ ዳኛ ጎን ልቅበረው ብላ ልጇን እየጎተተች ወደ ሾላው ማዶ ሄደች። እዚያ ስትደርስ ቀበሮ ከምንጩ በኩል ጉንጩን ነፍቶ ሲመጣ አየችው። መቃብሩ ላይ እንትፍ አለ። ተመለሰና ደግሞ ሞልቶ መጣ፣ እንትፍ! ድኩላ ገባት። "ኡ! ኡ! ኡ! የልጄን ውሃ ለሙት ያጠጣል! የልጄን ውሃ!" ብላ ጮኸች። ቀበሮ ደንግጦ፣ ዳኞቹ ሳይደርሱ አፈሩን ላርጥብ ብሎ ደግሞ አፉን ሊሞላ ሮጠ፤ ሲመለስ ዳኞቹ በጩኸቷ ደርሰው መቃብሩን ከበውት ቆመዋል። እንደልማዱ "ወይኔ አባቴ!" ሊል አፉን ቢከፍት፣ ውሃው ዘርገፍ ብሎ ደረቱ ላይ ፈሰሰ።

ዳኞቹ አፈሩ እስኪደርቅ አልጠበቁም። ከአገሩ እንስሳት ሚዳቋን መርጠው በዚያው ቀን አምስተኛው ወንበር ላይ አስቀመጧት። ጎሽና ከርከሮም አፍረው ነበርና አምስቱም ለድኩላ ፈረዱ። ቀበሮን ከአገር አባረሩት። ግልገሉን ቀበሩላትና ዝሆን ራሱ መርቷት ወደ ምንጩ ወሰዳት። "ተፈርዶልሻል ልጄ፣ ጠጪ" አላት።

ድኩላ ጎንበስ ብላ አፏን ሞላች። አልዋጠችውም። ይዛው ወደ ሾላው ማዶ ተመለሰችና በትንሿ መቃብር ላይ አፈሰሰችው። ዝሆን ቆሞ አለቀሰ። አሁን ቢያለቅስ ምን ይፈይዳል?

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ወንበር ባዶ ሆኖ ሲቆይ ሽማግሌዎች እንዲህ ይላሉ፦ "የሟች ወንበር ሲያከብሩ፣ የቋሚን ልጅ ቀበሩ።"

ተረቴን ይዛችሁ ሂዱ፤ እንባዬን ለእኔ ተዉልኝ።