የሼህ ዘይኑ አራት እፍኝ

በቆላና በደጋ መሐል፣ ግንቧ በዕድሜ የተሸራረፈ አንዲት የጥንት ከተማ ነበረች። ስሟን መጥራት ለነገሩ አይጠቅምም። ሁለት ክረምት በተከታታይ ዝናብ ቀረባትና ከመስጊዱ ጀርባ ካለው የወቅፍ ጎተራ በቀር እህል የሚገኝበት ቦታ ጠፋ። ማሽላውን በጥጋቡ ዘመን ነጋዴዎች ለአላህ ብለው ያስቀመጡት ነው። ጎተራው ሲከፈት ግን በመስፈሪያው ላይ ጠብ ተነሣ። የአንዱ ጣሳ ተጨማድዷል፣ የሌላው ቁና ተሰንጥቋል፤ ሰው ሁሉ የጎረቤቱን ዕቃ ይጠረጥራል። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ፣ “የሼህ ዘይኑ እጅ ይስፈርልን” ብለው ተስማሙ።

ሼህ ዘይኑ ዕድሜያቸውን ሁሉ ደረሳ የሚሏቸውን ተማሪዎች ሰብስበው ቁርኣን ሲያስቀሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ዑለማዎች እንደሚያስተምሩት አንድ ሷዕ የሚባለው የእህል ስፍር መካከለኛ ሰው በሁለት እጁ አራት ጊዜ ዘግኖ የሚሞላው ነው። የሼሁ እጅ ደግሞ ትልቅም ትንሽም አልነበረም። ስለዚህ ሰኞና ሐሙስ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ክምሩ ሥር ተቀምጠው ለእያንዳንዱ ቤት አራት እፍኝ ይሰፍሩ ጀመር። “ቢስሚላህ” ብለው ይዘግናሉ፣ “አንድ” ብለው ይቆጥራሉ። የሚከራከር አልነበረም።

ከቤተሰባቸው አብራቸው የቀረችው የልጃቸው ልጅ ሲትራ ብቻ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው። ወደ ማታ ከዐስር ሶላት በኋላ ደጃፍ ላይ አስቀምጠው ቁጥር ያስተምሯታል። እህል መጫወቻ ስለማይሆን ከደረቀው ወንዝ አሸዋ አመጡ። አንገቱ የተቆረጠ ቅል አስቀምጠው አራት እፍኝ አሸዋ ጨመሩበት። አሸዋው የደረሰበትን ቦታ ሲትራ በቅሉ ውስጥ በከሰል አሰመረች።

“የአባባ አራት ሆነ። የሲትራስ ስንት ይሆናል? መጀመሪያ ገምቺ።”

“ሃያ።”

“እስቲ እጅሽ ይመስክር።”

ዘጠኝ ሆነ። ሲትራ በጣቶቿ ደግማ ቆጠረችና አንዷን ጣት አየቻት። “አባባ፣ ይቺ ሥራ ፈት ናት” አለች። ሼሁ ሳቁ። በዚያ ዓመት ሲስቁ የታዩት ያን ቀን ብቻ ነው ይባላል።

አራት ወር አለፈ። ሼሁ ከድርሻቸው ግማሹን ለደረሶቻቸው ይሰጡ ነበር። ቀኑንም አብዝተው ይጾማሉ። ሰውም ከስተው ሲያያቸው ይበልጥ ያከብራቸው ነበር።

አንድ ሰኞ ሸምሲያ የምትባል፣ አምስት ልጆች ይዛ የቀረች መበለት፣ የተሰፈረላትን በቤቷ ገበቴ ይዛ ተመለሰች።

“ሼሁ፣ አፉ ይበሉኝ። ስፍሩ አንሷል። ገበቴዬን አውቀዋለሁ።”

ከሰልፉ አንዲት ሴት ቀደመቻቸው። “የሼሁን እጅ? እንግዲህ ለሼሁም ሚዛን አምጪላቸዋ።”

“መንገድ ላይ ቆርጥማው ይሆናል” አለ ከኋላ አንዱ። ሰው ሳቀ።

ሼሁ አልተቆጡም። “አብሽሪ ልጄ። የራበው ዐይን ሁሉን አሳንሶ ያያል” አሏት በዝግታ።

ሸምሲያ ገበቴዋን አቅፋ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ “ሼህ ከሳሿ” የሚል ስም ወጣላት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትንሹ ልጇ ሞተ። ጀናዛውን ያሰገዱት ሼህ ዘይኑ ናቸው።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ሲትራ ቅሏን አቧራውን አራግፋ አመጣች። “አባባ፣ እንለካ።” የሼሁ ልብ እዚያ አልነበረም፤ ልጅቷን ላለማሳዘን ግን አራት እፍኝ ዘገኑ። አሸዋው ከከሰሉ መስመር ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ቀረ።

“ደፍተሽብኛል?”

“አልደፋሁም። አባባ፣ በጣትዎ መሐል ይፈስሳል።”

ሼሁ እጃቸውን ወደ ብርሃኑ አነሡ። ሥጋው አልቆ በጣቶቻቸው መሐል ሰማይ ይታያል። አሸዋውን ገልብጠው እንደገና ሰፈሩ። መስመሩ ላይ የደረሰው በአምስተኛው እፍኝ ነው።

“የአባባ አምስት ሆነ” አለች ሲትራ፣ ጥያቄ እንደ መለሰች ልጅ ደስ ብሏት።

ሼሁ ሳይቀመጡ የጎተራውን ቁልፍ ወደሚይዙት ወደ ሐጅ ጦይብ ሄደው ሁሉንም ነገሯቸው። ሐጅ ጦይብ ተነሥተው በሩን ዘጉ።

“ሼሁ፣ ይህን ሌላ ሰው አይስማው። ሐሙስ አምስት ይስፈሩ፤ አላህ በረካ ጨመረ እንላለን። ሕዝቡ አሁን የሚያምነው የእርስዎን እጅ ብቻ ነው። እሱንም ካጣ በሩን ይሰብራል፣ ደካማውም ተረግጦ ይሞታል።”

“ሸምሲያስ?”

“በድብቅ እንክሳታለን።”

“ስሟን ያጠፋነው በአደባባይ ነው። በድብቅ እንዴት አድርገን እንመልስላታለን?” አሉ ሼሁ። ቀጥለውም፣ “ከጣቴ ያመለጠው ማሽላ እኮ የትም አልሄደም። እዚያው ክምሩ ላይ ነው ያለው” አሉ።

ሐሙስ ዕለት ሼሁ ሲትራንና ቅሉን ይዘው መጡ። በሰው ሁሉ ፊት አራት እፍኝ ማሽላ ሰፍረው ቅሉን ለፊተኞቹ አሳዩ፤ እነሱም ለኋለኞቹ አሳለፉት።

“ጥቁሩ መስመር ሷዕ ነው። ከሥሩ ያለው የእኔ እጅ ነው። ሸምሲያ እውነቷን ነበር። ያጎደለባት እጄ ነው፣ ያዋረዳት ምላሴ ነው።”

በሩን የሰበረ የለም። አንድ ሰው ብቻ “ከመቼ ጀምሮ?” ብሎ ጠየቀ።

“አላውቅም። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።”

ያቺ ሸምሲያን የሰደበች ሴት በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። ሼሁ ሸምሲያ ወደቆመችበት ሄደው “አፉ በይኝ” አሏት።

“የእኔን አፉ ብያለሁ ሼሁ። የልጄን ግን አልችልም። እሱን ከራሱ ይጠይቁት።”

ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተመልሰው ቅሉን ለሲትራ ሰጧትና “እስከ መስመሩ” አሏት። ልጅቷም ለሸምሲያ እስከ መስመሩ ሞላችላት። ከዚያ ወዲያ በመስጊዱ እጅ አልሰፈረም፤ የጎደለውም ለየቤቱ በቅሉ ተመለሰ። ሼሁም ሰዉን አዘዙ፤ በየቤቱ አንዳንድ ቅል ተቆርጦ ልጆች በአሸዋ እየሞሉ፣ እየገመቱ፣ እየቆጠሩ መስመር እንዲያሰምሩ።

ሼህ ዘይኑ ዝናቡን አላዩትም። በመጨረሻው ቀናቸው ደረሶቻቸው ኑዛዜ ሲጠይቋቸው እንዲህ ብቻ አሉ፦ “ሰውን እመኑት፤ እጁን ግን ለኩት።”

ይህን ቃል መጀመሪያ ስሰማው ሰውን ተጠራጠሩ ያሉ መስሎኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አይመስለኝም። ሼሁ አልሰረቁም። እጃቸውን ያሳነሰው ጾማቸውና ቸርነታቸው ነው። ስፍር ስለሚያጎድሉ ሰዎች የወረደውን የቁርኣን ሱራ ሕዝቡም እሳቸውም በቃላቸው ያውቁት ነበር፤ ሁሉም ግን ለክፉ ሰው የወረደ አድርገው ያነቡት ነበር። ስፍር በጥሩ ሰው እጅም ይጎድላል፤ ጥሩ ሰውን ደግሞ የሚለካ አይኖርም። ሲትራ አያቷን አልከሰሰችም። አልተጠራጠረችምም። ቆጠረች እንጂ። ልጅን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ መለካት ማስተማር ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይህን ቢያስብ ደግ ነው።

እኔን የማይለቀኝ ግን ሌላ ነው። ሲትራ ያን ጨዋታ ለመድገም ከአራት ወር በላይ ቆየች። ቅሉ ያን ሁሉ ጊዜ ደጃፍ ላይ ነበር። አሸዋውም እዚያው ነበር፤ የሸምሲያ ልጅ በሕይወት ሳለ የለካ ግን የለም።