የአንጓች ጨርቅ

አረፍ በሉ እንግዶች። ድንጋዩ ንጹሕ ነው፤ ስንቱ ተቀምጦበታል። ዱላችሁንም ከግንቡ አስደግፉት። ገበያ ሳይኖራችሁ፣ ዘመድ ሳትጠይቁ፣ ያን ሁሉ ጓዝ በጀርባችሁ አዝላችሁ ጫካ ለጫካ ስትመጡ ገና ከወንዙ ማዶ ሳላችሁ ነው ያየናችሁ። «ምን ፈልገው ይሆን?» ተባብለናል። አትቀየሙን፤ የወይናም ሰው ጠርጣራ ነው። ጠርጣራነታችን አንድ ጊዜ ምን ሊያደርሰን እንደነበር ልንገራችሁ። መንገድ መሪያችሁም ቅድም እሾህ አንስቶ ብቻውን ያጉተመተመው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባችኋል።

ድሮ ነው። የዚህ ግንብ ጣራ ከወደቀ ወዲህ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ወይራ ገና ሳይበቅል ነው። አያቴ ከአያታቸው ሰሙ፤ እኔ ከአያቴ ሰማሁ። የሰማሁትን እንጂ ያየሁትን አላወራም።

በዚያ ዘመን የወይናም ጭቃ ሹም ቢተው የሚባል ሰው ነበር። መንደሩን የሚያስተዳድር፣ ዳኝነቱም ጥበቃውም በእጁ ያለ ሰው ነው። ቢተው ክፉ አልነበረም። ዓይኑ ግን አያርፍም። የጎረቤት ዶሮ ግቢው ገብታ ብትወጣ፣ ማን ልኳት ነው ብሎ ያስባል።

አንድ ክረምት እንደወጣ አንጓች የምትባል ሴት ከቆላ መጣች። ልጅ የላት፣ ዘመድ የላት። ከዚህ ከግንቡ በር ዝቅ ብላ ጎጆ ቀለሰች። አገሬው ከየት ነሽ፣ ምን ሆነሽ ነው ቢላት፣ «ባሌ ነጋዴ ነበር። በዚህ ጫካ ሲያልፍ ጉም ያዘው፤ ገደል ገባ» አለች። ሰው አዘነላት። ቢተው ግን ነገሩ አልዋጥልህ አለው። ባል የሞተባት ሴት ወደ ወገኗ ትገባለች እንጂ ባሏ የሞተበት ጫካ አፍ ላይ ጎጆ ትቀልሳለች? ይህን ራሱን ሲጠይቅ ሰነበተ።

አንጓች ማጭዷን ይዛ ወጣች። ከመንደሩ ተነስቶ፣ በግንቡ በር አልፎ፣ ጫካውን ሰንጥቆ፣ ከዓለት ተፈልፍሎ ከተሠራው ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰውን መንገድ ትመነጥር ጀመር። ቀጋውን ቆረጠች፤ አጋሙን ጎተተች። ከግንቡ የፈረሰውን ድንጋይ በጀርባዋ እያመላለሰች ረግረጉ ላይ ደለደለች። ማንም አላዘዛትም፤ ማንም «አይዞሽ» አላላትም።

ቢተው ሄዶ አጠገቧ ቆመ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህን ሁሉ የምትደክሚው ለማን ብለሽ ነው?»

«ለሚያልፍ ሰው ነው ጌታዬ።»

ለሚያልፍ ሰው! ቢተው ቤቱ ገብቶ ይህን ቃል ለሚስቱ ሲደግመው ሳቁ መጣ። ሳቁ ሲበርድለት ግን ነገሩ አስፈራው። ሰው ለገዛ ወንድሙ እያጉረመረመ በሚያርስበት አገር፣ ለማያውቁት ሰው ድንጋይ የሚሸከም ማነው? የግንቡ ጌታ በተሰደደ ጊዜ ወርቁን ቀብሮ ሄዷል እየተባለ ይወራ ነበር። «ገባኝ» አለ ቢተው። «ድንጋይ የምታነሳው ወርቁን ስትፈልግ ነው፤ ድንጋይ የምትደለድለው ያገኘችውን ስትሸፍን ነው።»

ሰዎች አስከትሎ ወረደና የደለደለችውን ሁሉ በዶማ አስገለበጠው። ጭቃ አገኙ። ከጭቃው ሥር ሌላ ጭቃ አገኙ። ተለቃልቀው ተመለሱ። አንጓች ዳር ቆማ ስታይ ቆየችና፣ ሰዎቹ ሲሄዱ ድንጋዩን አንድ በአንድ መልሳ ደለደለችው። ዛሬ ጠዋት ጫማችሁ ሳይጨቀይ ያለፋችሁበት እሱ ነው።

ከዚያ ደግሞ የጨርቁ ነገር መጣ። ጫካው ውስጥ መንገዱ ሁለት የሚሆንበት ቦታ አለ፤ አንዱ ቤት ያደርሳል፣ አንዱ ገደል አፍ ይጥላል። በደህና ቀን ያገር ሰው አይስተውም። ጉም ሲወርድ ግን ያገር ሰውም እንግዳ ነው። አንጓች ከነጠላዋ ጫፍ እየቀደደች በሚያደርሰው መንገድ በኩል ካለው ዛፍ ላይ አሰረች። ዛሬ ለእንግዳ ተብሎ ድንጋይ ላይ በቀለም የሚቀባውን ምልክት፣ እሷ በጨርቅ አደረገችው።

ዛፍ ላይ ጨርቅ! እኛ ዘንድ ዛፍ ላይ ጨርቅ የሚያስር ወይ አድባር ለማኝ ነው፣ ወይ መተተኛ ነው። በዚያው ሰሞን የቢተው ላም ጨነገፈች። «ይኸውላችሁ!» ተባለ። እናቶች ልጆቻቸውን በዚያ ዛፍ ሥር አናሳልፍም አሉ። ቢተው ሄዶ አጠገቧ ቆመ።

«ይህን የምታስሪው ለማን ብለሽ ነው?»

«ለሚያልፍ ሰው ነው ጌታዬ።»

ቄሱ ተጠሩ። ጸበል ረጩ፤ ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱና «ልጆቼ፣ ይኼ ጨርቅ ነው» አሉ። ማን ይስማቸው! ጨርቁ ተፈትቶ ተቃጠለ። አንጓች ከነጠላዋ ሌላ ቀደደች፤ መልሳ አሰረች። ያ ሁሉ ዓይን ቀን ከቀን ሲከታተላት፣ ነጠላዋ እያጠረ መሄዱን ያየ አንድ ዓይን ጠፋ። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ዘመኑ ዞሮ ክረምት ገባ። ማዶ ያለውን መንደር ሽፍታ መታው፤ ከብቱን ነዳው፣ ጎተራውን አራገፈው። ወሬው ወይናም ሲደርስ ሁሉም በሩን አጠበቀ። ቢተው ግን ጭራሽ ልቡ አረፈ፤ ሲፈልገው የኖረውን መልስ ያገኘ መሰለው። መንገድ የሚመነጠረው ለሽፍታ ነው። ጨርቅ የሚታሰረው ሽፍታ እንዳይጠፋ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሄዶ አጠገቧ ቆመ።

«ለማን ብለሽ ነው?»

«ለሚያልፍ ሰው ነው ጌታዬ።»

በዚህ ጊዜ አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ ሄደ። ለማንም ሳይናገር ጫካ ገባና፣ ትልቁ ዝግባ ካለበት መለያያ ሲደርስ ጨርቁን ወደ መንደሩ ከሚያመጣው መንገድ ላይ ፈታው። ገደል ከሚጥለው መንገድ ላይ፣ በሬውን እንደሚያስር አጥብቆ አሰረው። «እንግዲህ ምልክታችሁን ተከተሉ» አለ። እጁን አራግፎ ቤቱ ገባ።

ቢተው ውዲቱ የምትባል ልጅ ነበረችው። አንድ ልጁ ናት። ማዶ ተድራ የመጀመሪያዋን አርግዛ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ሽፍታ ስላለ ወንዝ ወንዙን፣ ሰው በሚበዛበት መንገድ ትመጣለች ተብሎ ይጠበቅ ነበር። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ግን አንድ ሰው እርጥብ ልብሱን እየጨመቀ ከቢተው ደጃፍ ቆመ።

«ወንዙ ሞልቷል» አለ። «እኔ በዋና ነው የወጣሁት። ውዲቱ ከባሏ እህት ጋር በወንዙ ራስ፣ በጫካው ዞራለች። ‹ጉሙ ቢወርድስ?› ብላት ‹የአንጓች ጨርቅ አለልኝ› አለችኝ።»

ቢተው በሩን ሳይዘጋ ሮጠ። ጉሙ ወርዶ እጁን ለማየት አስቸገረው። «ውዲቱ!» እያለ ሮጠ። ወደቀ፤ ተነሳ፤ ሮጠ። ዝግባው ጋ ሲደርስ ጨርቁ የለም። በገደሉ በኩል ግን የሻከረ ድምፅ ሰማ፤ «ተመለሱ! ገደል ነው! ተመለሱ!» ይላል። ድምፁን ተከትሎ ሄደ።

አንጓች ጀርባዋን ለገደሉ ሰጥታ፣ እጆቿን ዘርግታ ቆማ ነበር። ፊቷና ክንዷ በእሾህ ተተልትሏል። ከእሷ ወዲህ ውዲቱ ከግንድ ሥር ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ታለቅሳለች፤ የባሏ እህት አቅፋታለች። ነገሩ እንዲህ ነው። አንጓች ዝግባው ጋ ስትደርስ ጨርቁን በማይሆን ቦታ አየችው። ቋጠሮው አልፈታ ቢላት በማጭድ ቆረጠችው። ያን ጊዜ የሴቶቹን ድምፅ ከገደሉ በኩል ሰማች። በመንገዱ ብትከተል አትደርስባቸውም፤ ባልተመነጠረው እሾህ ሰንጥቃ ቀደመቻቸውና ከገደሉ አፍ መለሰቻቸው። ከመለሰቻቸውም በኋላ፣ ሌላ የሚመጣ ቢኖርስ ብላ መጣራቷን አልተወችም።

ቢተውን ስታየው መዳፏን ከፍታ ጨርቁን አሳየችው። የበሬ ቋጠሮ ነው፤ በወይናም እንዲያ አጥብቆ የሚቋጥር ቢተው ብቻ መሆኑን ሁሉ ያውቃል።

«ለማን ብለው ነው ጌታዬ?» አለችው በዚያ በሻከረ ድምፅ።

ቢተው መልስ ነበረው። ለሽፍታ ሊላት አፉን ከፈተ። ልጁን አየና ቃሉን ትቶ እሷን ሊያነሳ ጎንበስ አለ።

ውዲቱ በሰላም ተገላገለች። በእሑድ፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ቢተው ከግንቡ ትልቅ ድንጋይ አንስቶ እንደ ይቅርታ ለማኝ አንገቱ ላይ ተሸክሞ አንጓች ደጅ ተንበረከከ። ያደረገውን በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ። አንጓች ድንጋዩን ከአንገቱ አነሳችለትና ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ለረግረጉ ይሆናል» አለች።

ሕዝቡ ሳቀ፤ ከዚያ አለቀሰ። ድንጋዩን ቢተው ራሱ ወስዶ ደለደለው። የአንጓች ድምፅ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልተመለሰም፤ እስክትሞት በሹክሹክታ ነው የኖረችው።

በሞተች ጊዜ ሴቶች ሊገንዟት ገቡ። ነጠላዋን ቢያነሱት ከመቀነት አይሰፋም። ሌላ ልብስ አልነበራትም። ያን ጊዜ ነው አገር የነቃው። «ጨርቁን ከዛፉ ፈተን እንስፋላት» ያለ ነበር፤ ውዲቱ «እንዳትነኩት!» ብላ ጮኸች። ሄዳ ከገዛ ነጠላዋ ቀደደች። ከየቤቱ አንድ አንድ ቅዳጅ መጣ፤ አዲስም አሮጌም ነበረበት። ውዲቱ ሰፋችው፤ አንጓች በዚያ ተገንዛ ተቀበረች።

ከዚያ ወዲህ ክረምት ሲወጣ እያንዳንዱ ቤት ከነጠላው ጫፍ ቀዶ በየመለያያው ያስራል። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሁሉ አንድ እሾህ ወይም አንድ ድንጋይ አንስቶ ዳር ያደርግና «ለሚያልፍ ሰው» ይላል። እዚህ መንገድ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ያገኙትን ሰው ደግሞ ለማን ብለህ ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ሌላ ቦታ እንጠረጥራለን፤ አመላችን ነው፣ አልተወንም። እዚህ መንገድ ላይ ግን እናፍራለን።

በሉ ተነሱ፤ ጉሙ ከወዲያ መውረድ ጀምሯል። ከቤተ ክርስቲያኑ ስትመለሱ ዝግባው ጋ ጨርቁ ወዳለበት እጠፉ። አንቺ ልጄ፣ እግርሽ ሥር ያለውን የቀጋ እሾህ አየሽው? ጎንበስ በይ።